መብራት ሲመለስ በራሱ የሚነሳ የቤት ሚዲያ ሰርቨር

(ምስል፦ ከራውተር አጠገብ የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም።)

ተራኪ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ማንም ሳይነካው ይነሳል። የሠርግ ቪዲዮው፣ መዝሙሩና የልጆቹ ፊልም ያሉበት ኮምፒውተርም እንደዚያው መነሳት አለበት። ስክሪን የሌለው ማሽን አጠገቡ ቁልፍ የሚጫንለት ሰው እንደሌለ ታስቦ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ለምሳሌ የምንወስደው ሊኑክስ ላይ የተጫነውን ጄሊፊንን ነው። ጄሊፊን ፊልምና ሙዚቃ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ቤቱ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች የሚያደርስ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በፈረንጆች 2018 መጨረሻ ኤምቢ ከሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ተገንጥሎ ወጣ።

ከመሣሪያው እንጀምር። ለአንድ ጊዜ ብቻ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክታችሁ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚገኘው የመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ፣ ግቡ፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ የሚለውን ምርጫ «ይብራ» በሚለው ላይ አድርጉት። ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ያላችሁ ይህን እለፉት፤ እርሱ ኃይል እንዳገኘ ይነሳል።

(ምስል፦ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት።)

ቀጥሎ ፕሮግራሙ። ብዙ ሰው ጄሊፊንን ዴስክቶፕ ሲከፈት ከሚነሱት ፕሮግራሞች ጋር ይመዘግበዋል። ዴስክቶፕ የሚከፈተው ግን አንድ ሰው የይለፍ ቃል ሲያስገባ ነው። የይለፍ ቃሉን ማስቀረትም መፍትሔ አይደለም፤ ኮምፒውተሩን ቤት ለገባ ሁሉ ማስረከብ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሥራውን ለሲስተምዲ መስጠት ነው፤ ሲስተምዲ የሊኑክስ ክፍል ሲሆን ማንም የይለፍ ቃል ሳያስገባ አገልግሎቶችን (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) ያስነሳል። ማያው ላይ እንደምታዩት «ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ጄሊፊን» ብላችሁ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ጻፉ። አለቀ።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያደክመው ጉዳይ እንምጣ፦ ውጫዊው ሃርድ ዲስክ። ዴስክቶፕ ላይ ዲስኩን ስትሰኩት በራሱ ይከፈታል፤ ይህንንም የሚያደርገው የገባ ተጠቃሚ ሲኖር ነው። ስለዚህ ጄሊፊን በሰላም ተነስቶ ፊልሞቹ ግን አይከፈቱም፤ ሰውም ጥፋቱን ከጄሊፊን ይፈልጋል። ዲስኩን ኤፍኤስታብ በሚባለው፣ ሊኑክስ ሲነሳ የሚከፍታቸው ዲስኮች በሚዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ በመለያ ቁጥሩ (ዩዩአይዲ) መዝግቡት። እዚያው መስመር ላይ «ኖፌይል» (ዲስኩ ባይገኝም መነሳቱ ይቀጥል) የሚለውን ቃል ጨምሩ፤ እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። ቃሉ ከሌለና ዲስኩ ከተነቀለ ሲስተምዲ አብዛኛውን ጊዜ 90 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ወደ አደጋ ጊዜ ሁኔታ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከሌላ ኮምፒውተር ሆነን ትእዛዝ የምንሰጥበት ኤስኤስኤችም አይሠራም፣ ከሩቅ የምትደርሱበት መንገድ ይዘጋል።

ኖፌይል ግን ዲስኩ እስኪከፈት አያስጠብቅም። ስለዚህ «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ጄሊፊን» ብላችሁ ዩኒት በሚለው ክፍል ሥር «ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር» የሚለውን መስመር ከዲስኩ ማውጫ ጋር ጻፉ። ከዚያ በኋላ ጄሊፊን ዲስኩን ሳያገኝ አይነሳም። ፕሮግራሙ የሚሠራው ጄሊፊን በሚባል በራሱ ተጠቃሚ ስም ስለሆነ፣ ይህ ተጠቃሚም ማውጫውን ማንበብ መቻል አለበት፤ የእናንተ ፈቃድ ለእርሱ አይበቃውም።

(ምስል፦ ገመዱ ሲነቀልና ሲሰካ።)

ራውተሩ ውስጥ ለኮምፒውተሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለትና ፈትኑት። በትእዛዝ ዝጉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ በስልካችሁ አሳሽ ላይ አድራሻውን፣ ከዚያም ከሁለት ነጥብ (:) በኋላ የጄሊፊንን ወደብ (ፖርት) 8096ን ጻፉ። ገጹ ካልተከፈተ በኤስኤስኤች ገብታችሁ «ጆርናልሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ የጄሊፊንን መዝገብ አንብቡ፤ ዲስኩ ይሁን ፈቃዱ ያሰናከለው፣ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።