ከዘፋኙ ጀርባ የተቀመጠው ሰው

የስቲል ጊታር ተጫዋቹን የቡዲ ኤመንስን አሥረኛ ሙት ዓመት ለማሰብ ናሽቪል ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የካንትሪ ሙዚቃ ወዳጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ የመጣችሁ፣ ከአትላንታ ድረስ ነድታችሁ የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን።

ቡዲ ኤመንስ ካረፈ አሥር ዓመት ሞላው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የተወለደው ጥር 1937 ኢንዲያና ውስጥ ሚሻዋካ በምትባል ከተማ ነው፤ ያረፈው ሐምሌ 2015 ነው። 78 ዓመት ኖረ። የሥጋ ዘመዳችን አልነበረም፤ አብዛኞቻችንም በአካል አላየነውም። ታዲያ የማታውቁትን ሰው ሙት ዓመት ምን አሳሰባችሁ የሚለን ቢኖር፣ እኔ እናውቀዋለን እላለሁ። ስሙን ሳንሰማ ድምፁን ስንሰማ ኖረናል።

እዚህ አዳራሽ ካለነው ብዙዎቻችን ካንትሪን የወደድነው አሜሪካን ከመርገጣችን በፊት ነው። ታላላቆቻችን አስመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ የአሜሪካ ዘፈን ሰምተዋል። ከእነሱ በኋላ የመጣነው ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር፣ ከተቀዳ ላይ በተቀዳ ካሴት ነው ያደግነው። እንግሊዝኛው እኮ አይገባንም ነበር! ግጥሙ ስለ ፍቅር ይሁን ስለ እስር ቤት፣ ስለ ባቡር ይሁን ስለ እናት ሳንለይ አንጀታችንን ይበላው ነበር። ዘፋኙ ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ሲል ከኋላው ተነሥቶ የሚያንጎራጉር፣ ቃል ሳይኖረው የዘፋኙን ሐዘን የሚጨርስለት ድምፅ ነበረ። ያ ድምፅ ስቲል ጊታር ነው። በስንቱ ዘፈን ላይ የቡዲ እጅ እንዳለበት ያወቅነው ግን አድገን፣ ወደዚህ መጥተን፣ የሸክላ ጀርባ ማንበብ ስንጀምር ነው። በስንቱ ላይ ደግሞ ሸክላው ራሱ ስሙን አልጻፈውም።

መሣሪያውን ቀርባችሁ ያላያችሁ ካላችሁ ትንሽ ልግለጽ፤ ቡዲ ያደረገውን ለመረዳት ይጠቅማል። ሲያዩት ጠረጴዛ ይመስላል፤ በእግሮቹ ይቆማል፣ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጣል። የቡዲ ዓይነቱ ሁለት አንገት አለው፤ በእያንዳንዱ አንገት ላይ አሥር ክር ተወጥሯል። ግራ እጅ ክብ፣ ልስልስ ያለ ብረት ይዞ ክሩ ላይ ያንሸራትታል። ቀኝ እጅ አውራ ጣቱና ሌሎች ጣቶቹ ላይ ፒክ አጥልቆ ይመታል። ግራ እግር ከሥር የተደረደሩትን ፔዳሎች ይረግጣል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በውስጥ ያለው ዘንግ ይስብና የተመረጠው ክር ይበልጥ ተወጥሮ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበቶች ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንሻ ይገፋሉ። ቀኝ እግር የድምፁን መጠን ይይዛል፦ ክሩ ሲመታ ዝቅ ያደርገዋል፣ ድምፁ ሊጠፋ ሲል ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው የምቱ ጠርዝ ሳይሰማ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚመጣው። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ጉልበት በአንድ ጊዜ! እንደ ማሲንቋችን ሁሉ ይህም መሣሪያ ጣት የሚያርፍበት ድንበር የለውም፤ ጆሮ ካልመራው ብረቱ በፀጉር ያህል ቢስት ዘፈኑ ይበላሻል።

አመጣጡ ከሃዋይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል ወጣት ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሞ በብረት መጫወትን አስፋፋ፤ አጨዋወቱ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካን አዳረሰ። ቡዲም ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ባለ ስድስት ክር ስቲል ጊታር ገዝተውለት ሳውዝ ቤንድ ከተማ ወደሚገኝ የሃዋይ ሙዚቃ ማስተማሪያ ላኩት። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከባንድ ጋር መጫወት ጀመረ። በ1955 ዲትሮይት ውስጥ በሌላ ተጫዋች ቦታ ተተክቶ ሲጫወት ሊትል ጂሚ ዲከንስ ሰማው። ዲከንስ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ረጅም የሆነ፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው የናሽቪል የካንትሪ ሬዲዮ መድረክ ኮከብ ነበር። ልጁን አልለቀቀውም፤ በ18 ዓመቱ ወደዚህች ወደ ናሽቪል አመጣው። ሰሚም ተሰሚም በአንድ ዓመት ሄዱ፦ ዲከንስ ጥር 2015 ሲያርፍ ቡዲ ሐምሌ ላይ ተከተለው።

አሁን ከሁሉ በላይ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1954 በዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ በድ አይዛክስ የሚባል ተጫዋች ክሩ እየጮኸ ሳለ ፔዳሉን ረገጠው። ድምፁ በሰሚው ጆሮ ላይ ሲታጠፍ ተሰማ። አገሩ በሙሉ ያን ድምፅ ፈለገ፤ ተጫዋቹ ሁሉ ፔዳል ፍለጋ ገባ። ነገር ግን የአይዛክስ ፔዳል ሁለት ድምፆችን አንድ ላይ ነበር የሚያነሣቸው። ገና 20 ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ቡዲ መጥቶ ያንን ለሁለት ከፈለው። አንዱን ፔዳል ሲረግጥ አንዱ ድምፅ ይነሣል፣ ሌላው ባለበት ይጸናል፤ ሁለተኛውን ሲጨምር ያኛውም ይከተላል። ዛሬ ስቲል ጊታር ሲባል ጆሯችን ላይ የሚመጣው፣ አንዱ ድምፅ ቆሞ ሌላው ወደሱ እያዘነበለ የሚሄደው ነገር ከዚያ ነው የመጣው።

በዚህም አላበቃም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኢ ናይን በሚባለው የስቲል ጊታር ቅኝት ላይ ሁለት ክር ጨመረበት። የሚገርመው እነዚህ ክሮች እንደ ሌሎቹ በተራቸው፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን አልገቡም፤ ቡዲ ከሁሉም በላይ፣ ከቀጭኑ ክር ውጭ አስቀመጣቸው። ብረቱ ሳይንሸራተት በአንድ ቦታ ላይ ሆኖ የድምፁን መሰላል ሙሉ መውጣትና መውረድ ቻለ። ከዘፋኙ ከሬይ ፕራይስ ጋር በ1962 በቀረጸው ዘፈን ላይ አዲሶቹን ክሮች አሰማቸው፤ የሰማ ሁሉ ወደ መሣሪያው ሮጠ። ቅኝቱን ማንም ሰምቶ ሊወስደው ይችል ነበር፤ ወሰዱትም። ዛሬ ቶኪዮም ሆነ ለንደን፣ ቴክሳስም ሆነ እዚህ ብሮድዌይ ላይ ባለ ኢ ናይን ፔዳል ስቲል ፊት የሚቀመጥ ሰው የቡዲን አሳብ ሳይነካ አንድ ዘፈን መጨረስ አይችልም። መሣሪያ የሚገዛ ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፔዳሎቹ በኤመንስ አደራደር ይሁኑልህ ወይስ በዴይ ተብሎ ነው። ዴይ የተባለው ሌላው ታላቅ፣ ጂሚ ዴይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፔዳሎች አቀያይሮ ይረግጥ ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ በእግር ሥር ሆኖ በየቀኑ ሲጠራ የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው። ለእኔ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጥብኛል።

መሣሪያውንም ራሱ ሠርቷል። በ1957 ከሾት ጃክሰን ጋር ሆኖ ሾ-በድ የተባለውን የስቲል ጊታር ፋብሪካ መሠረተ። በ1963 ከዚያ ወጥቶ በራሱ ስም የሚጠራ ሌላ ኩባንያ አቋቋመ። የሁለቱም ሥራዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ እንደ ቅርስ ይፈለጋሉ። ስለ ፋብሪካው ብዙ አላወራም፤ ወደ እጁ እንመለስ።

"ናይት ላይፍ"ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘፈኑን የጻፈው ዊሊ ኔልሰን ነው፤ በ1963 የዘፈነው ሬይ ፕራይስ። አልበሙ ሲጀምር ሬይ አይዘፍንም፤ አድማጩን በንግግር ሰላም ይላል። ከንግግሩ ሥር የሚሰማው ስቲል ጊታር ቡዲ ነው። ያን መግቢያ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ከላይ ይጀምርና ይወርዳል፤ ሲወርድ አይቸኩልም። አንድ ቦታ ላይ ይዘገያል፣ ልታለቅስ ነው ስትሉት አያለቅስም፣ ብሉዝ ውስጥ ገብቶ ትከሻውን ይነቀንቅና ይወጣል። ከዚያ ሬይ ሲዘፍን ቡዲ ያፈገፍጋል። ዘፋኙ በቃል ላይ እያለ አንዲት ቃል እንኳ አይረግጥበትም። ቃሉ ሲያልቅ ይገባል፣ ሁለት ሐሳብ ይናገራል፣ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቦታውን ለቆ ይጠብቃል። እንዲህ ዓይነት አጃቢ ያገኘ ዘፋኝ ታድሏል።

የሚችለው ማጀብ ብቻ ስለሆነ አልነበረም የሚያጅበው። በዚያው በ1963 ኒው ዮርክ ሄዶ ከጃዝ ሰዎች ጋር ሙሉ አልበም ቀረጸ። ሳክስፎን ጄሮም ሪቻርድሰን፣ ፒያኖ ቦቢ ስኮት፣ ቤዝ አርት ዴቪስ፣ ድራም ቻርሊ ፐርሲፕ። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹን የሶኒ ሮሊንስን ፈጣን ዜማ በብረት ሲያንሸራትት ስሙት፤ እግሩና ጉልበቱ ያን ሁሉ እንዴት እንደደረሰበት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሎስ አንጀለስ ከዘፋኙ ከሮጀር ሚለር ጋር ሲሠራ ምን እንደተጫወተ ታውቃላችሁ? ቤዝ ጊታር! በዓለም ላይ በስቲል አቻ ያልተገኘለት ሰው፣ ባንዱ ቤዝ ያስፈልገዋል ሲባል ቤዝ ይዞ ቆመ። ይህን ሳስብ ነው ይበልጥ የምወደው።

ጁዲ ኮሊንስ በ1968 "ሰምደይ ሱን"ን ስትዘፍን ከጎኗ ያለው እሱ ነው። ከኤቨርሊ ወንድማማቾችም ጋር በየአገሩ ዞሯል። በ1981 ወደ ስቲል ጊታር የዝና አዳራሽ ገባ። ባለቤቱ ፔጊ በ2007 ካረፈች በኋላ ግን ከመድረክ ራቀ። ብዙዎቻችን ባልና ሚስት አብረው ሲያረጁ፣ አንደኛው ሲሄድ ሌላው ምን እንደሚሆን በየቤታችን አይተናል፤ ስለዚህ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

አንድ የሚያጽናናኝ ነገር አለ። በሕይወት እያለ ተመስግኗል። በ2013፣ ከማረፉ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ ስቲቭ ፊሸል የተባለው ሌላ የስቲል ተጫዋች የሙያ አጋሮቹን አሰባስቦ ለቡዲ ክብር አልበም አወጣ። እሱ ያስተማራቸውና ያነቃቸው እጆች ተራ በተራ ተቀመጡ፤ ቪንስ ጊል ዘፈነ፤ ዊሊ ኔልሰንም ከቡዲ ጋር አብረው በጻፉት ዘፈን ተሳተፈ። እኛ "ስሞትልህ" የምንለውን ለቀብር የምናቆይ ሰዎች ነን፤ እነዚህ ግን ጆሮው እየሰማ ነገሩት።

ወገኖቼ፣ ቡዲን ሳስብ የራሳችን ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ቤታችን ያሉትን ካሴቶች እስቲ አስቡ። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ በትልቁ አለ። ያን ክራር የመታው ማን ነው? ዘፋኟ "አዬ" ብላ ስትለቅ ዋሽንቱን ያስገባው ማን ነው? ያንን የሳክስፎን ጥሪ ስንሰማ እስክስታ እንወርዳለን፤ የነፋው ሰው ስም ግን ስንቶቻችን አፍ ላይ አለ? አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ። ምናልባትም በዚህ በአሜሪካ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ወይም አንድ ሱቅ ቆመው እየሠሩ ነው፤ አጠገባቸው የሚያልፈው ሰው ሠርጉ ላይ በእነሱ ዜማ መጨፈሩን አያውቅም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። የቡዲ ወዳጆች ሽፋን እያገላበጡ፣ የድሮ ተጫዋቾችን እየጠየቁ፣ በየትኛው ዘፈን ላይ የማን እጅ እንዳለ ለይተው ጽፈዋል። እኛም ይህን ለራሳችን ሰዎች ማድረግ እንችላለን፤ የሚጠይቀው ስልክ ማንሣት ብቻ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ምሽት እንዲህ ይቀጥላል። አዘጋጆቹ "ናይት ላይፍ"ን ከመግቢያው ጀምሮ ይከፍቱልናል። እባካችሁ በዚህ አንድ ጊዜ ዘፋኙን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ስሙ፤ በተለይ ሬይ ቃል ጨርሶ ሁለተኛውን ሳይጀምር ባለው ክፍተት። ከዚያ ከጃዝ አልበሙ አንድ እናዳምጣለን። ቡናው ሲደርስ መድረኩ ክፍት ነው፦ ማንኛችሁም የምትወዱትን አንድ የአገራችንን ዘፈን ጥሩና ማን እንዳጀበው የምታውቁ ከሆነ ስሙን ንገሩን። በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደብተር አስቀምጠናል፤ ስሙን፣ ዘፈኑን፣ ሰውየው በሕይወት ካለም የት እንደሚገኝ ለአዘጋጆቹ ንገሩ፤ እነሱ ይጽፋሉ።

የቡዲን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን። አመሰግናለሁ፤ እባካችሁ ክፈቱልን።