ዱባይ እና ያልመጣላት ፎርሙላ 1

ክቡራትና ክቡራን፣ የመኪና ውድድር ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የተሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው። ዱባይ ፎርሙላ 1ን ማስተናገድ ትችላለች ወይ? «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። በሰማይ ካለ በአሸዋ ላይማ ምን ይጠየቃል ብዬ ከመድረኩ ልወርድ እችል ነበር። ግን አዘጋጆቹ ሩብ ሰዓት ሰጥተውኛል፤ እናንተም ተመቻችታችሁ ተቀምጣችኋል። ስለዚህ ትንሽ እንጫወት። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በለመድነው እቆጥራለሁ።

ወደ 1981 ልመልሳችሁ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ላስ ቬጋስ ፎርሙላ 1ን አስተናገደች። እሷም የበረሃ ከተማ ናት። የት መሰላችሁ? የሲዛርስ ፓላስ ሆቴል መኪና ማቆሚያ ላይ! አልቀለድኩም። ኔልሰን ፒኬ የዓመቱ ሻምፒዮን የሆነው እዚያ ነው። ሙቀቱ አድቅቆት ስለነበር ውድድሩ ሲያልቅ ከመኪናው ለመውጣት እንኳ አቅም አልነበረውም። በ1982 አንዴ ተደገመና ቀረ።

ከላስ ቬጋሱ ውድድር ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 1981፣ ዱባይም በሆቴል ዙሪያ ሞከረችው። ዴይራ ውስጥ ሃያት ሪጀንሲ አካባቢ ጊዜያዊ ትራክ ተሠራ። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የተመሠረተችበት 10ኛ ዓመት ሰሞን ነበር። ስሙንም የዱባይ ግራንድ ፕሪ አሉት። የቀድሞዎቹ ስመ ጥር አሽከርካሪዎችም ታደሙ፤ ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮ መጣ። ስተርሊንግ ሞስ መጣ። የሻምፒዮና ነጥብ የሚያስገኝ ውድድር ግን አልነበረም፤ ትርዒት ነበር ብንል ይቀላል። ያኔ ቡርጅ ኸሊፋ የለ፣ በባሕር ላይ የዘንባባ ቅርጽ ያለው ደሴት የለ። ሐሳቡ ግን ነበረ። እንግዲህ ዱባይ ይህን ነገር ካሰበችው 40 ዓመት አልፏታል።

ታዲያ ምን ያዛት?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ሙቀቱን ነው። እውነት ነው፣ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ኦክቶበር 2023 ኳታር ውስጥ ሉሳይል ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጨለማ ከወደቀ በኋላ የተካሄደ ውድድር ነው። እንዲያም ሆኖ ኤስቴባን ኦኮን ሄልሜቱን እንዳጠለቀ አስታወከ፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ነዳ። ሎጋን ሳርጀንት ስላልቻለ አቋርጦ ወጣ። ላንስ ስትሮል ራሱን ሊስት ምንም አልቀረውም ነበር።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዚያን ምሽት ጥፋተኛው ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ጎማዎቹ በትራኩ ጠርዝ ላይ እየተጎዱ ስላስቸገሩ፣ አንድ ጎማ ከ18 ዙር በላይ እንዳይሄድ ታዘዘ። በሌላ ጊዜ አሽከርካሪው ጎማውን ለመቆጠብ ሲል እግሩን ያለዝባል። መኪናው ሲያርፍ እሱም ትንሽ ያርፋል። ያን ቀን ግን የሚቆጠብ ጎማ ስላልነበረ 57ቱንም ዙር በሙሉ ኃይል ጋለቡት። እረፍት የለም፤ አየሩም እርጥበት ያዘለ ነው። ሰውነት ከዚህ በላይ ምን ይሁን?

በማግስቱ ዓመት ምን ተደረገ? ውድድሩ ወደ ኖቬምበር መጨረሻና ዲሴምበር መጀመሪያ ተገፋ። በቃ፣ መድኃኒቱ ይኸው ነበር። የፊኒክስም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ያቺ የአሪዞና የበረሃ ከተማ በ1989 ፎርሙላ 1ን በጁን ወር አስተናገደች፤ በዓመቱ ወደ ማርች አዞሩት። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽንም ከ2025 ጀምሮ ሕግ አውጥቷል። ሙቀቱና እርጥበቱ ተደምሮ ከ31 ዲግሪ በላይ እንደሚሆን ከተተነበየ፣ መኪናው ላይ የአሽከርካሪውን ገላ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ መገጠም አለበት። ስለዚህ ዱባይ በኦገስት ካላሉኝ በስተቀር ሙቀት የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። በዲሴምበር ምሽት ዱባይ ውስጥ ቀለል ያለ ጃኬት የሚያስለብስ ነፋስ አለ።

እንዲያውም በረሃ የሚያስቸግረው በብርድም ነው። ላስ ቬጋስ በ2023 ወደ ፎርሙላ 1 ስትመለስ የኢንጂነሮቹ ጭንቀት የኖቬምበር ሌሊት ቅዝቃዜ ነበር። ጎማ ካልሞቀ መንገድ አይዝም። ያው ጭንቀቱ በሌላ በኩል መጣና፣ በመጀመሪያው ልምምድ ላይ የመንገድ ጉድጓድ ክዳን ተነስቶ የካርሎስ ሳይንዝን ፌራሪ ከሥሩ ሰባበረው። ስንት መቶ ሚሊዮን ዶላር ፈሶበት፣ ክዳን!

አሸዋውስ? ባህሬን በ2004 የመካከለኛው ምሥራቅን የመጀመሪያ ፎርሙላ 1 ስታዘጋጅ በትራኩ ዙሪያ ያለው አሸዋ ላይ ማጣበቂያ ረጨችበት። አሁንም ነፋስ ሲነሳ ከመስመሩ የወጣ መኪና ይንሸራተታል። ግን ከ20 ዓመት በላይ ሲወዳደሩበት ኖረዋል። አሸዋን እዚሁ ጨርሰናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዱባይ ትራክ አላት። ዱባይ ኦቶድሮም የተከፈተው በዚያው በ2004፣ በኦክቶበር ነው። ርዝመቱ 5.39 ኪሎ ሜትር ነው። ባህሬን ውድድሯን ያካሄደችው በኤፕሪል ነበር። ስድስት ወር! አንዳንዴ ሳስበው ነገሩ ሁሉ በዚያች ስድስት ወር የተወሰነ ይመስለኛል። ማጋነኔን አውቃለሁ፤ የባህሬን ውል ከዚያ በፊት ያለቀ ነው። ግን ቀዳሚ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ዱባይ ያኔ ተስፋ አልቆረጠችም። ከኦቶድሮሙ አጠገብ፣ ሞተር ሲቲ በተባለው ሰፈር፣ በፎርሙላ 1 ስም የመዝናኛ ፓርክ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ከዚያ የገንዘብ ቀውሱ መጣ።

የ2009ን መጨረሻ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ እኔ ከመኪናው በላይ የምወደው ይህን ታሪክ ነው። ኖቬምበር 1 የዱባይ ጎረቤትና የአገሪቱ ዋና ከተማ አቡ ዳቢ፣ ያስ ማሪና በተባለው ትራኳ የመጀመሪያውን የፎርሙላ 1 ውድድሯን አካሄደች። በቀን ብርሃን ተጀምሮ በመብራት ያለቀ ውድድር ነው፤ ሴባስቲያን ቬትል አሸነፈ። በዚያው ወር መጨረሻ ዱባይ ወርልድ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ዕዳዬን አዘግዩልኝ ብሎ አበዳሪዎቹን ጠየቀ። ዲሴምበር ላይ አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ይዛ ደረሰችላት። ጃንዋሪ 2010 የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ሲመረቅ፣ ቡርጅ ዱባይ ይባል የነበረው ቡርጅ ኸሊፋ ተብሎ ተሰየመ። ኸሊፋ የአቡ ዳቢ ገዢና የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የዱባዩ የፎርሙላ 1 ፓርክ ወረቀት ላይ ቀረ። አቡ ዳቢ ግን በ2010 ፌራሪ ወርልድ የተባለውን የመዝናኛ ፓርክ ከፈተች።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ጎረቤትህ ከዕዳ ባወጣህ ማግስት፣ እሱ የሚደግሰውን ድግስ እኔም እደግሳለሁ ትላለህ? ይህን በይፋ የተናገረ ሰው የለም። የእኔ ግምት ነው። ግን ዝምድናውን ለሚያይ ሰው ከሙቀቱም ከአሸዋውም ይልቅ ይህ ምክንያት ይመዝናል።

«አንድ አገር ሁለት ውድድር ቢኖረውስ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ሦስት አላት፤ ኦስቲን፣ ማያሚና ላስ ቬጋስ። ጣሊያንም ለተወሰኑ ዓመታት ሞንዛንና ኢሞላን አብራ ይዛ ነበር። ግን ርቀቱን ተመልከቱ። ከዱባይ ተነስታችሁ ያስ ማሪና ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው። አውሮፕላን ማረፊያዋን፣ ሆቴሎቿን፣ ምግብ ቤቶቿን በዚያ ሳምንት ቱሪስት ይሞላቸዋል። ዱባይ የማስተናገጃ ክፍያውን ሳትከፍል ትርፉን ትቋደሳለች ማለት ነው። ክፍያው ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ እንደሚደርስ ይነገራል። ነጋዴ ከተማ ናት፤ ሒሳቡ አይጠፋትም።

ወንበሩም ተይዟል። የ2024 እና የ2025 መርሐ ግብር እያንዳንዳቸው 24 ውድድር ነበራቸው። ባህሬን፣ ጂዳ፣ ኳታርና አቡ ዳቢ አራቱን ይዘዋል። የአቡ ዳቢ ውል እስከ 2030 ነው፤ የዓመቱ መዝጊያም እሷ ናት። በ2021 ለዓመቱ ሻምፒዮንነት የሚፎካከሩት ሐሚልተንና ቬርስታፔን በመጨረሻው ዙር የተላለፉበትን ምሽት ያየ ሰው፣ ያንን ቦታ ማንም በፈቃዱ እንደማይለቅ ያውቃል።

ስለዚህ መልሴ፦ ትችላለች፣ ግን አይመስለኝም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ አልከፋኝም።

ለምን? ዱባይ ከ2006 ጀምሮ የራሷ ውድድር አላት፤ የ24 ሰዓቱ። በየጃንዋሪው በዚያው በኦቶድሮም ይካሄዳል። ፖርሽ፣ ፌራሪ፣ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብሊው፣ ብዙ ዓይነት መኪና በአንድ ትራክ ላይ ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚወዳደር ባለሙያና በሥራ ቀን ቢሮ የሚውል ነጋዴ በአንድ መኪና ይፈራረቃሉ። አደጋ ሲኖር «ኮድ 60» ይታወጃል፤ ያን ጊዜ ሁሉም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ይነዳል። በሰዓት ከ200 በላይ ሲበር የነበረ መኪና ድንገት እንደ ታክሲ ሲያዘግም ማየት ያስቃል።

እኔ በጣም የምወደው ግን የነዳጁን ነገር ነው። በፎርሙላ 1 ውድድር መሐል ነዳጅ መሙላት ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል። በዱባዩ 24 ሰዓት ደግሞ ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ማደያ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሰዉ ብርድ ልብስ ደርቦ በተቀመጠበት፣ መሪ የሆነው መኪና ከኋለኛው ጋር ወረፋ ይዞ ቤንዚን ይቀዳል።

እሺ፣ እጃችሁን ማንሳት ትችላላችሁ። ከኋላ እንጀምር።