የጎረቤቴ ልጅ ሜጀር ሊግ ይደርስ ይሆን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት መስመሩን ያጨናነቀው ቤዝቦል ነው። በተለይ ከዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ደውላችኋል። እንግዳችን የማይነር ሊግ (ከከፍተኛው ከሜጀር ሊግ በታች ያለ፣ ተጫዋች የሚያድግበት ሊግ) ወጣቶችን ለዓመታት የተከታተሉ ባለሙያ ናቸው።

እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ የጎረቤቴ ልጅ ከልጄ ጋር ነው ያደገው። ከኮሌጅ አንድ የሜጀር ሊግ ቡድን መረጠው፤ አሁን ሲንግል ኤ (ከማይነር ሊግ አራት ደረጃዎች ዝቅተኛው) ይጫወታል። ባቲንግ አቨሬጁ .230 ነው (ከመቶ ሙከራ 23ቱ ብቻ ተሳክቶለታል ማለት ነው) አሉኝ። አለቀለት ማለት ነው?

ኧረ ገና ነው እህቴ! መጀመሪያ ግን ዕድሜውን ልጠይቅዎት። 19 ቢሆን ምንም አልጨነቅም ነበር። ሲንግል ኤ ላይ አብዛኛው ልጅ 20፣ 21 ነው። ከኮሌጅ ወጥቶ 22 ከሞላው ግን ቡድኑ ቶሎ ወደሚቀጥለው ደረጃ፣ ወደ ሃይ ኤ እንዲያልፍ ይጠብቅበታል። ከዚያ በላይ ደብል ኤና ትሪፕል ኤ አሉ። በየደረጃው 30 ቡድን አለ፣ በድምሩ 120። ስለዚህ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ብዙ ነው።

ቀጥሎ አቨሬጁን ይተዉትና ስትራይክ አውቱን (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት መውጣቱን) እና ዎኩን (አራት መጥፎ ኳስ ሳይነካ አሳልፎ በነፃ ወደ ቤዝ መሄዱን) ይዩ። በጥቂት ሳምንታት ጨዋታ አቨሬጅ የዕድል ነገር ነው። ጥሩ የመታው ኳስ ተከላካይ እጅ ይገባል፣ ያልሆነው ደግሞ ሾልኮ ያልፋል። መጥፎ ኳስ አለመንካት ግን የልጁ የራሱ ችሎታ ነው። ሁዋን ሶቶን ያስታውሱ። በ2018 ገና በ19 ዓመቱ ሲንግል ኤ ሄገርስታውን ጀመረ፣ ወደ ሃይ ኤ ፖቶማክ አለፈ፣ ደብል ኤ ሃሪስበርግ 8 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ግንቦት ላይ የዋሽንግተኑ የሜጀር ሊግ ቡድን ናሽናልስ ጠሩት። ሆም ራኑ (ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ መምታቱ) እንዳለ ሆኖ፣ የዎኩ ብዛት ከስትራይክ አውቱ ጋር ተቀራራቢ ነበር። በዚያ ዕድሜ ይሄ ብርቅ ነው።

እናት፦ ወደ ሃይ ኤ ካለፈ በኋላ ቁጥሩ ቢወርድበትስ?

ይወርድበታል ብለው ይጠብቁ። አሮን ጃጅን በ2016 የኒውዮርኩ የሜጀር ሊግ ቡድን ያንኪስ ሲጠሩት በ84 ሙከራ 42 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ። በማግስቱ ዓመት 52 ሆም ራን መታ።

ወጣት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አልበከርኪ ላይ ትሪፕል ኤ የሚጫወት አንድ ልጅ ሆም ራን በሆም ራን ሆኗል። ለምን አይጠሩትም?

አልበከርኪ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይበራል። (አዲስ አበባ ላይ ቢጫወቱማ ኳስ ወርዋሪዎቹ ፒቸሮች ሥራ ይለቁ ነበር።) ከራሱ ሜዳ ውጪ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ ምን እንደሠራ ለይተህ እይ። ቡድኖቹ የሚያዩት ያንን ነው።

ሌላ አድማጭ፦ አንድ ፒቸር አራት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ነጥብ ሳይሰጥ ወርውሮ አስወጡት። አጥፍቶ ነው?

አይደለም። ስንት ኳስ እንደሚወረውር ቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ክርናቸው እንዳይጎዳ ይፈራሉ። እዚያ ደረጃ ማሸነፍ ሁለተኛ ነገር ነው። አንዳንዴ አሠልጣኙ «ዛሬ ያንን ደካማውን ኳስህን ደጋግመህ ወርውር» ይለዋል፤ ልጁም ይመታበታል። እኛ ቤት ሆነን ውጤቱን አይተን «ወደቀ» እንላለን። እኔ ከነጥቡ ይልቅ ከወር ወር የኳሱ ፍጥነት መጨመሩንና ለተቃራኒ የሚሰጠው ዎክ መቀነሱን ነው የማየው።

እናት፣ በድጋሚ፦ ለመሆኑ ይከፈለዋል?

ከ2023 ስምምነት ወዲህ ይሻላል። በዚያ ዓመት የሲንግል ኤ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 26,200 ዶላር፣ የትሪፕል ኤ 35,800 ሆነ። ሲመረጥ የሚሰጠው የፊርማ ገንዘብ ለብቻው ነው።

ደረጃውን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ደግሞ የናሽናልስ ሲንግል ኤ ቡድን ፍሬድሪክስበርግ ነው፤ አይ-95 አውራ ጎዳናው ካልተጨናነቀ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ሰኞ ግን ብዙውን ጊዜ እረፍት ነው፣ እንዳይሄዱ።