አደራ የሚቀመጥበት ቤት፦ ስለ ጥንት ግሪኮች ቤተ መቅደስ

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፣ በየመሀሉ እየደጋገምኩ እንዳላሰለቻችሁ ብዬ ነው።

የፓርቴኖንን ፎቶ ያላየ እዚህ ያለ አይመስለኝም፣ አቴንስ ኮረብታው ላይ ያለው ባለ ትላልቅ ዓምድ ህንፃ። ያንን ስናይ ብዙዎቻችን የሚታየን ህዝቡ ውስጥ ገብቶ ሲጸልይ ሲዘምር ነው፣ ግን እንደዛ አልነበረም። ቤቱ የከተማዋ አምላክ የአቴና መኖሪያ ነው፣ ናኦስ የሚሉት ቃል ራሱ መኖሪያ ማለት ነው፣ ውስጥ የእሷ ምስል ይቆማል፣ በሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ያያል፣ መሠዊያው ደግሞ ደጅ ነው። ህዝቡም ደጅ ነው የሚሰበሰበው። ከብቱ እዛው ይታረዳል፣ አጥንትና ስቡ ለአምላኩ ይቃጠላል፣ ሥጋው ለህዝቡ ይከፋፈላል፣ ለብዙው ሰው የበሬ ሥጋ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ቀን ነበር።

እኔን ግን ዓመታት ይዞኝ የቆየው ሌላው ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች አደራ የሚሉትን ነገር ሁሉ እዛ ቤት ነው የሚያስቀምጡት፣ ገንዘቡንም ሂሳቡንም ውሉንም፣ ምክንያቱም ሰው ይክዳል፣ አምላክ ግን ያያል ብለው ስለሚያምኑ ነው።

ፓርቴኖን መሠራት የጀመረው በ447 ነው፣ በ438 ፊዲያስ የሚባል ቀራጭ የሠራው የአቴና ምስል ገባበት። ወደ 12 ሜትር ይሆናል፣ ገላዋ የዝሆን ጥርስ፣ ልብሷ ወርቅ። ወርቁ ብቻ 40 ታለንት ነበር፣ በኛ ሚዛን ከ1000 ኪሎ በላይ ማለት ነው! እና ወርቁ እንዲወልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። በ431 ከሌላዋ የግሪክ ከተማ ከስፓርታ ጋር ጦርነቱ ሲመጣ የአቴንስ መሪ የነበረው ፔሪክልስ ህዝቡን ምን አለው፣ የባሰ ቀን ከመጣ ይሄንን ወርቅ አውልቀን መጠቀም እንችላለን፣ ግን ሳናጎድል መመለስ አለብን አለ። ከአምላክ ብድር ማለት እኮ ነው።

ደግሞ ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም፣ እዛ ኮረብታ ላይ የነበረው ገንዘብ ሁሉ የአቴንስ ላብ አይደለም። ከፋርስ ለመከላከል ብለው ብዙ ከተሞች የሚያዋጡት ገንዘብ መጀመሪያ ዴሎስ ደሴት ነበር የሚቀመጠው፣ በ454 አቴንስ ወደ ራሷ አመጣችው፣ ከያንዳንዱ መዋጮ ከ60 እጅ አንዱ ለአቴና ይሰጣል፣ ድርሻውም ከተማ በከተማ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ አክሮፖሊስ በሚባለው በዛው ኮረብታ ላይ ቆመ፣ ድንጋዩ የሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል። ለከፋዮቹ ከተሞች ያ ድንጋይ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ከባድ አይደለም።

የአምላኳን ንብረት የሚጠብቁት 10 ገንዘብ ያዦች ናቸው፣ ከሀብታሞቹ መሀል በዕጣ ይወጣሉ፣ አንድ ዓመት ይሠሩና ለሚቀጥሉት ያስረክባሉ። ርክክቡ የምር ርክክብ ነው፣ የብር ጎድጓዳ ሳህኑ ስንት ነው፣ ሚዛኑ ስንት ነው፣ ተቆጥሮ ተመዝኖ ድንጋይ ላይ ይጻፋል። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው እዚህ ካለ በደንብ ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካኝ ግን የኤሬክቴዮን የሥራ ሂሳብ ነው፣ ይሄኛው እዛው አክሮፖሊስ ላይ ያለ ሌላ ቤተ መቅደስ ነው፣ በ409 ገደማ ሥራው እንደገና ሲቀጥል የተከፈለው ሁሉ ተቀርጿል። ዓምዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርደውን ቦይ የሚፈለፍሉ ሰዎች አሉ፣ በቡድን በቡድን፣ ሲሚያስ የሚባል ከሌላ አገር መጥቶ አቴንስ የሚኖር ጠራቢ አለ፣ ከጎኑ ሲንድሮን የሚባል የራሱ ባሪያ አለ፣ የዜጋው፣ የመጤውም፣ የባሪያውም ስም አንድ ላይ ነው የሰፈረው፣ የቀን ሥራ የሚሠሩት ደግሞ ዜጋም ሆነ ባሪያ በቀን አንድ ድራክማ፣ ማለት አንድ የብር ሳንቲም ነው የሚከፈላቸው። የባሪያው ገንዘብ ጌታው ኪስ ሊገባ ይችላል፣ እኩልነት ነበር አላልኩም። ስሙ ግን አለ፣ ከ2400 ዓመት በኋላ ሲንድሮን ብለን እየጠራነው ነው።

ኤፌሶን ከተማ ባለው የአርጤምስ ቤተ መቅደስም እንዲሁ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ላይ ህዝቡ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ የጮኸላት አርጤምስ ማለት ናት። ዜኖፎን የሚባለው ወታደር ወደ ጦርነት ሲሄድ የእሷን ድርሻ ገንዘብ ለቤተ መቅደሱ አገልጋይ አደራ ሰጠ፣ ሰውየው በኋላ ኦሎምፒያ ድረስ መጥቶ መለሰለት፣ ዜኖፎንም በገንዘቡ ለአምላኳ መሬት ገዛበት።

ዴልፊ የሚባለውን የግሪኮች ቅዱስ ቦታ ብዙ ሰው የሚያውቀው በትንቢቱ ነው፣ እኔ ግን እዛ ካለው አፖሎ ከሚባለው አምላክ ቤተ መቅደስ ስር ስላለው ግንብ ልንገራችሁና ላብቃ። ድንጋዮቹ ማዕዘናቸው ብዙ ነው፣ አንዱ ካንዱ ጋር እየተሰካካ ነው የተገነባው፣ ፊቱ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ሞልቶበታል። ከ200 ገደማ ጀምሮ ነጻ የወጡ ባሪያዎች ውል ነው፣ ከ1000 በላይ ነው። ባሪያ በራሱ ስም ውል መግባት አይችልም፣ ስለዚህ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለአፖሎ አደራ ይሰጣል፣ አፖሎ ከጌታው «ይገዛዋል»፣ ከዛ በኋላ ማንም የኔ ነው ሊለው አይችልም። አንዳንዱ ውል ጨካኝ ነው፣ ነጻ ወጥተሻል ግን እመቤትሽ እስክትሞት አብረሻት ትኖሪያለሽ ይላል። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ አንድ ቃል አለ፣ ይሄንን ሰው መልሶ ባሪያ ሊያደርገው የሚይዘው ቢኖር፣ በዛ ያለፈ ማንኛውም መንገደኛ ሊያስጥለው መብት አለው፣ ስላስጣለውም አይከሰስም፣ አይቀጣም።

አመሰግናለሁ።