አድቬንቸር ጌም፦ በማውስ ወይስ በጆይስቲክ?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የማወራው ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁት ነገር ነው። አድቬንቸር ጌም፣ ማለትም ታሪክ እየተከተላችሁ እንቆቅልሽ የምትፈቱበት ጌም፣ በኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ባለ ማሽን) ይሻላል ወይስ በፒሲ?

መልሱን አሁኑኑ እነግራችኋለሁ። እስከ መጨረሻው እንድትቆዩ ብዬ አልደብቅም፤ እንደዛ የሚያደርጉ ቻናሎች ያናድዱኛል። ልዩነቱ ያለው እጃችሁ ላይ ነው። የያዛችሁት ማውስ ነው ወይስ ጆይስቲክ? እንቆቅልሹ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ታሪኩ እንዴት እንደሚነገር፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

አላመናችሁም አይደል? እሺ፣ ኑ ታክሲ ላሳፍራችሁ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ]

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ እየሄዳችሁ ነው። የምትወርዱት እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ፣ አንዲት ፋርማሲ በር ላይ ነው። በሯ ላይ ነው ያልኩት፣ አስምሩበት። ፋርማሲዋን አያችኋት። «ወራጅ አለ!» አላችሁ። ወያላው ጣሪያውን መታ። ሹፌሩ ሰማ። ፍሬን ያዘ። ታክሲው ቆመ። የት? ፋርማሲዋን አልፎ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ። ወረዳችሁና በእግራችሁ ተመለሳችሁ።

በማግስቱ ብልጥ ሆናችሁ። ገና ሳትደርሱ «ወራጅ!» አላችሁ። ሹፌሩ ደግሞ የዛሬው ቀልጣፋ ነው፣ ወዲያው ቆመ። አሁን ደግሞ ፋርማሲዋ ገና ወደፊት ናት። ያው እንደገና በእግር።

በጆይስቲክ አናሎግ፣ በአውራ ጣት በምትገፋው ትንሽ ዱላ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት እያንቀሳቀሱ ትንሽ ነገር ላይ ማሳረፍ ማለት ይሄ ነው። እናንተ የምትሉት «ሂድ» እና «ቁም» ብቻ ነው። የሚሄደው ሌላ ነው። ስትለቁት ያልፋል፣ ስትመልሱት ደግሞ ወዲያ ማዶ ያልፋል። መሬት ላይ የወደቀች ቁልፍ ለማንሳት ቁልፏን ሦስት ጊዜ ትዞሯታላችሁ።

ማውስ ደግሞ በእግር መሄድ ነው። እግር ባቆማችሁት ቦታ ይቆማል። ፋርማሲዋ በር ላይ ካላችሁ በሯ ላይ ነው። ወያላ የለም፣ ሹፌር የለም፣ «ሂሳብ» የለም።

ግን ቆይ! ማውስ አሸነፈ ብላችሁ ቪዲዮውን እንዳትዘጉት። ከመገናኛ አራት ኪሎ ድረስ በእግር ሂዱ ብላችሁስ? ያውም በፀሐይ? ሰፊ ሜዳ ላይ ፈረስ ለመጋለብ፣ ገደል ለመውጣት፣ በባለ ሦስት ገጽታ ከተማ ውስጥ ለመዞር፣ ማውስ እየጫኑ መሄድ ይሰለቻል። አናሎጉን ገፋ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ፣ ጀግናው ይሄዳል። ቀስ ካላችሁ ያዘግማል፣ ከገፋችሁ ይሮጣል። ታክሲ ለረጅም መንገድ ነው፣ እግር ለበር። ይሄን ምሳሌ እወደዋለሁ፣ ደግሜ ደጋግሜ ባነሳው አትፍረዱብኝ።

ሳይንሱ ደግሞ በአጭሩ፣ ቶሎ ቶሎ። ማውስ ላይ እጃችሁ የሄደበት ርቀት ቀስቷ የምትሄድበትን ርቀት ይወስናል። አናሎግ ላይ ያዘነበላችሁት ልክ የሚወስነው ፍጥነትን ነው፣ ቦታን አይደለም። 1978 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ካርድ፣ ኢንግሊሽና ቡር የሚባሉ የዜሮክስ ተመራማሪዎች ማውስን ከጆይስቲክና ከኪቦርድ ቁልፎች ጋር አወዳድረው ነበር። ስክሪን ላይ ያለ ቃል ለመምረጥ በፍጥነትም ሆነ ባለመሳሳት የተሻለው ማውስ ሆነ። እንቀጥል።

አሁን ወደ ታሪኩ። 1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ዊል ክራውዘር የሚባል ፕሮግራመር «ኮሎሳል ኬቭ» የሚባለውን ጌም ጻፈ። ሰውዬው ትርፍ ጊዜውን ዋሻ ለዋሻ የሚዞር ነበር፣ ጌሙም የዋሻ ጌም ነው። 1977 ላይ ዶን ዉድስ አሰፋው። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ጽሑፍ ታነባላችሁ፣ «መብራቱን ውሰድ» ብላችሁ በኪቦርድ ትጽፋላችሁ። ያለ ኪቦርድ ይሄ ጌም የለም።

ከዚያ 1980 ላይ ለአታሪ 2600 «አድቬንቸር» የተባለው ጌም ወጣ። የሠራው ዋረን ሮቢኔት ነው። የጽሑፉን ጌም አይቶ ወደ ኮንሶል ላምጣው አለ። ምን ላይ? ያለው አንድ ዱላና አንድ ቁልፍ ነው። ማሽኑ ያለው ራም 128 ባይት ነው። ኪሎባይት አላልኩም፤ ባይት! ስለዚህ መጻፍ ቀረ። ሰይፉን ከነካችሁት አነሳችሁት ማለት ነው። ቁልፏን ከተጫናችሁ ትጥሉታላችሁ። «ወደ ሰሜን ሂድ» ማለትም ቀረ፣ ዱላውን ወደ ላይ ትገፉታላችሁ። ጀግናው አንድ ካሬ ነው። ዘንዶዎቹ ዳክዬ ይመስላሉ፣ እውነቴን ነው፣ ፈልጋችሁ እዩአቸው። አታሪ የሠሪዎቹን ስም ስለማያወጣ ሮቢኔት ስሙን ጌሙ ውስጥ ስውር ክፍል ሠርቶ ደበቀው። ይሄ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይወጣዋል፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።

ያስተዋላችሁት ነገር አለ? ያው አንድ ሐሳብ ነው። ኪቦርድ ሲነጠቅ ማንበብ ወደ መሮጥ ተለወጠ።

ጃፓንም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ዩጂ ሆሪ 1983 ላይ የፖርቶፒያን የግድያ ምርመራ ጌም ለቤት ኮምፒውተር ሠራ። መርማሪው እናንተ ናችሁ፣ ትእዛዙን ትጽፋላችሁ። 1985 ላይ ወደ ኒንቴንዶ ፋሚኮም ኮንሶል ሲመጣ ጆይስቲኩ ላይ ፊደል የለም። ምን አደረጉ? ትእዛዞቹን ዘርዝረው ስክሪኑ ላይ ደረደሩ፣ እናንተ ትመርጣላችሁ። ለእኔ ይሄ ኪሳራ አይደለም። ፊደል ተሳስታችሁ ጽፋችሁ ኮምፒውተሩ «አልገባኝም» ሲላችሁ የሚሰማችሁን ንዴት ገላገሉን።

እዚህ ላይ ግን መቆም አለብኝ። ኮሜንት አለ። ኮሜንት ብቻ አይደለም፣ የኮሜንት ጎርፍ ነው። ባለፈው ቪዲዮ ስር ግማሾቻችሁ የጻፋችሁት አንድ ነገር ነው፦ «ላፕቶፔ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ አድቬንቸር ጌም ለእኔ አይሆንም፣ ኮንሶል እስክገዛ እጠብቃለሁ።»

አይ ቤተሰብ፣ አይ!

«ሚስት» የሚባለውን ጌም ታውቁታላችሁ? 1993 ላይ የወጣው፣ ደሴት ላይ ብቻችሁን የምትቀሩበት። እስከ 2002፣ «ዘ ሲምስ» እስኪቀድመው ድረስ፣ በፒሲ ታሪክ በሽያጭ አንደኛ ነበር። ምንድነው ያለው? በአብዛኛው የማይንቀሳቀስ ሥዕል ነው። ትጫናላችሁ፣ ሌላ ሥዕል ይመጣል። ትጫናላችሁ፣ ሌላ ሥዕል። የዘመኑ ሰው የተቸገረው ሲዲ ማንበቢያ በማጣት ነው፤ ጌሙ የሚመጣው በሲዲ ነበርና። የ1990ው «መንኪ አይላንድ» ደግሞ በፍሎፒ ዲስክ ነው የተሸጠው። ፍሎፒ! የዛሬ ልጆች ሴቭ ቁልፍ ላይ ያለች ሥዕል ብቻ የምትመስላቸው።

የቢሮ ላፕቶፓችሁ፣ ኤክሴል ሲከፈት የሚያለቅሰው ያ ላፕቶፕ፣ እነዚህን ጌሞች ሳያልበው ያጫውታል። ስካምቪኤም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ከ2001 ጀምሮ ያለ። ስሙ አያስፈራችሁ። የጌሙ ፋይል ካላችሁ አሮጌዎቹን የክሊክ ጌሞች አዲስ ማሽን ላይ ያስነሳል። ስልክ ላይም ይሠራል።

አዎ፣ የምትፈልጉት የሩጫና የገደል መውጣት ጌሙ «አንቻርትድ 4» ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ 2016 ላይ ለፕሌይስቴሽን 4 ወጥቶ ፒሲ ላይ የመጣው 2022 ነው። እሱ እውነትም ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል፣ በዚህ አልከራከራችሁም። ግን አድቬንቸር ሁሉ አንቻርትድ አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ሁለተኛው ኮሜንት ደግሞ «ጆይስቲክ ለኮንሶል ነው፣ ፒሲ ላይ አይሠራም» ይላል። ማን ነው ይሄን የሚነግራችሁ? የፕሌይስቴሽኑንም የኤክስቦክሱንም ጆይስቲክ በዩኤስቢ ሰክታችሁ ትጫወታላችሁ። 2022 ላይ የወጣው ስቲም ዴክ ራሱ ውስጡ ፒሲ ነው፣ እጃችሁ ላይ ግን አናሎግ አለው፣ እንደ ማውስ የሚያገለግል መዳሰሻም ጎን ለጎን አለው። ኮንሶል ነው ፒሲ? ተከራከሩበት፣ እኔ ቡና ልጠጣ። ለዚህ ነው ስለ ማሽኑ ተውት፣ ስለ እጅ እናውራ የምለው። እሺ፣ ተናድጄ ብዙ ወሰድኩ። እንመለስ።

በጣም የምወደው ምሳሌ «ግሪም ፋንዳንጎ» ነው። 1998 ላይ የወጣው ለፒሲ ብቻ ነው። ፒሲ ብቻ! ግን ማውስ የለውም። ሠሪዎቹ ቀስቷን አውጥተው ጣሏት። ማኒ የሚባለውን አጽም በኪቦርድ ወይም በጆይስቲክ ትነዱታላችሁ። የሚነካ ነገር አጠገብ ሲደርስ ጭንቅላቱን ዞር አድርጎ ያየዋል። ስክሪኑ ላይ ቀስት የለም፣ የትእዛዝ ዝርዝር የለም፣ ያለው የሰውዬው ዓይን ነው። ደስ ይላል። ግን አካሄዱ እንደ ታንክ ነው፣ ግድግዳ ይገጫል፣ በር ላይ ይንገዳገዳል። 2015 ላይ ታድሶ ሲወጣ ማውስ ተጨመረለት። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ እንቆቅልሹ በማውስ ይቀላል፣ ማኒ ግን በጆይስቲክ የበለጠ ሰው ይመስላል። አጽም ቢሆንም።

«ሪተርን ቱ መንኪ አይላንድ» 2022 ላይ ሲወጣ ይሄን ነገር ፈታው። በማውስ ከሆነ እንደ ድሮው ትጫናላችሁ። በጆይስቲክ ከሆነ ቀስት መንዳት የለም፣ ጀግናውን ራሱን ታራምዱታላችሁ፣ ከአንዱ የሚነካ ዕቃ ወደ ሌላው ደግሞ በቁልፍ ትዘላላችሁ። ማለትም ታክሲው ፋርማሲዋ በር ላይ እንዲቆም ፌርማታ ተሠራለት! ይኸው፣ ደገምኩት።

ጆይስቲክ የሚያሸንፍበት ሌላም ቦታ አለ። 2012 ላይ የወጣው የቴልቴል «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ላይ ሰው ሲያናግራችሁ እስከ አራት መልስ ይመጣል፣ ጆይስቲኩ ላይ አራት ቁልፍ አለ፣ ሰዓቱ ደግሞ እየቆጠረ ነው። ቀስት ፍለጋ የለም። ጣታችሁ መለሰ ማለት እናንተ መለሳችሁ ማለት ነው። ስትዋሹ ጣታችሁ ነው የሚዋሸው። እዚህ ላይ ጆይስቲክን አልሰጥም።

ስለ ሴቭ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም መብራት አለ። ማለቴ፣ መብራት የለም። ድሮ ፒሲ ላይ የፈለጋችሁት ቦታ፣ የፈለጋችሁትን ስም ሰጥታችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሜሞሪ ካርድ ግን 15 ብሎክ (የሴቭ ማስቀመጫ ቦታ) ብቻ ነበረው፣ ታናሽ ወንድማችሁ ለኳስ ጌሙ ካልሞላው ማለት ነው። ዛሬ ሁለቱም ራሳቸው ሴቭ ያደርጋሉ፣ በኮንሶል ዘይቤ የተሠሩ ብዙ ጌሞች ግን የሚያስቀምጡት ጌሙ በመረጠው ቦታ ነው። እንቆቅልሹን ፈትታችሁ፣ በሩ ሊከፈት ሲል መብራት ጠፋ። ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ቲቪ ላይ የሚሰካ ኮንሶል የለውም። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ከማንኛውም ግራፊክስ ይበልጣል።

ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥስ አድቬንቸር የማይታየው ለምንድነው? ሂሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ አለ። ኳስ ለሁለት ነው፣ በአስር ደቂቃ ያልቃል። አንድ ሰው ተቀምጦ «ይሄን ገመድ ከየትኛው ዕቃ ጋር ላዋህደው» እያለ ቢያስብ ባለቤቱ ራሱ ተነስቶ ይፈታለታል። በዚያ ላይ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ነው፣ ከሶፋ ሆኖ ለማንበብም ይከብዳል። 2006 ላይ «ዴድ ራይዚንግ» በኤክስቦክስ 360 ሲወጣ አሮጌ ቲቪ ያላቸው ሰዎች ፊደሉ አይነበብም ብለው ተማርረዋል። ፒሲ ላይ ስክሪኑ አፍንጫችሁ ስር ነው።

እና እኔ ምን ልምረጥ? የሚነበብና የሚታሰብበት ከሆነ ላፕቶፕና ማውስ። የሚሮጥበትና የሚወጣበት ከሆነ ጆይስቲክ፣ ማሽኑ ምንም ይሁን። ተጨማሪ ገንዘብ ካላችሁ ግራፊክስ ካርድ ሳትገዙ በፊት ደህና ጆይስቲክ ግዙ።

ከውጭ ጌም ለመግዛት የክፍያ ካርድ እንደሚያስቸግራችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በነፃ ጀምሩ። «ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ» የ1994 ጌም ነው፣ ከ2003 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ በነፃ ይሰጣል፣ የስካምቪኤም ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ዳታችሁንም አይጨርስም። መጀመሪያ በማውስ ሞክሩት። ከዚያ ጆይስቲክ ሰክታችሁ ያንኑ ክፍል ድገሙት። የመጀመሪያው ክፍል ላይ የብረት ዘንግ ትነቅላላችሁ፤ በየትኛው ቶሎ እንዳገኛችሁት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መፍትሔውን የሚጽፍ ሰው ግን ብሎክ አደርጋለሁ። ቻው!