«ዘሩ ደክሟል» ከማለታችን በፊት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ከሐዋሳ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው እሑድ ከአባዬ ጋር ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደን ነበር። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሐይቅ መረብ የጣለ ሰው ነው። አንድ ልጅ ከጀልባ ያወረደውን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን አሳ) አንስቶ በመዳፉ ለካውና፣ «ልጄ፣ ዘሩ ደክሟል» አለኝ። አጠገባችን የቆመ ሰውዬ ቀበል አድርጎ፣ «ከእርባታ ፈጣን ዘር አምጥተው ቢደፉበት ይሞላል» አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ሆዴ ባር ባር አለ።

ቆሮሶው ያነሰው በዘሩ ነው ወይስ በመረቡ? የመረብ ዓይን ጠቦ፣ ከዳር ዳር ያለው ቄጠማ መካከል ሳይቀር ሲጠመድበት፣ ለማደግ ጊዜ አያገኝም። ቆሮሶ ደግሞ ሲጨነቅ ገና በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል። ችግሩ ይህ ብቻ ከሆነ መረቡን አስፍቶ፣ መራቢያውን አሳርፎ መጠበቅ ነው። ትልልቁን ስንለቅም ኖረን ቶሎ የማደግ ባሕርዩ ከውስጡ እየተመናመነ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም መዳፍ ላይ እኩል ትንሽ አሳ ናቸው። አባዬ ዓይኑ ስለት ነው፤ ይህን ግን ዓይን አይለየውም።

እዚህ ላይ ነው ጂኖም፣ ማለትም በአሳው ሴል ውስጥ በፊደል እንደተጻፈ ያለው ሙሉ የዘር መመሪያ፣ የሚያስፈልገን፤ የዛሬውን ከቀድሞው ጋር ስናመሳክር የተመናመነ ነገር ካለ ያሳየናል። የቆሮሶ ሙሉ ጂኖም በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ወደ 1 ቢሊዮን ፊደል ነው። ለናሙና ከክንፉ ጫፍ ጥፍር የምታክል ቆርጦ አልኮል ውስጥ መክተት ይበቃል፤ አሳው በሕይወት ወደ ውሃው ይመለሳል። ኖርዌዮች ሎፎተን በተባሉት ደሴቶቻቸው ዙሪያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳን በዘረመል እየለዩ ማጥመድን ሲቆጣጠሩ ቆይተዋል። ኮድ ከሚባለው አሳ የባሕር ዳርቻው ወገን የተዳከመ ነው፣ ከሩቅ የሚመጣው ብዙ ነው፤ ከተጠመደው ናሙና ወስደው በዘረመል ይለዩና የማጥመጃው ስፍራ ይከፈት ወይም ይዘጋ ይላሉ።

ስለ ፈጣኑ ዘርም ልንገራችሁ። ጊፍት የሚባለው ቆሮሶ በ1988 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ የተጀመረ ነው፤ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተሰበሰበ ዘር ተዳቅሎበታል። ለኩሬ ግሩም ነው። የእኛ ግን የራሱ ቤተሰብ ነው፤ የጣናው ቆሮሶ አንድ ንዑስ ዝርያ፣ የአዋሽና የስምጥ ሸለቆው ሌላ ነው። በአዋሽ ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖርም አለ፤ ያን ያህል ሙቀት መቻል ምን ያህል ሀብት እንደሆነ አስቡት! ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የደፋነው እዚያው ይቀራል፣ ከነባሩ ጋር ይዳቀላል፤ ከዚያ በኋላ መልቀም የለም።

ይህን ሁሉ ማታ ለአባዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ታዲያ የቀድሞውን ከምን ታመሳክሪዋለሽ?» አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ያኔ ማንም ክንፍ አላስቀመጠም። የዛሬውን ግን ማስቀመጥ እንችላለን። ሰኞ ንጋት ላይ ጠርሙሶቼን ይዤ እወርዳለሁ፤ አባዬም ጀልባ ላይ ያሉትን ልጆች አሳውን ከመበለታቸው በፊት እንዲጠብቁኝ ነግሯቸዋል።