ሦስቱ ነጥቦች ለሌላ ፈንክሽን አይተላለፉም

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነን፤ ከውጭ የሚሰማው ጫጫታ የጎረቤት ግንባታ ነው። ብሩክ፣ ጥያቄው ከሰበታ ነው። አድማጫችን ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚዛን ፕሮግራም ይጽፋል። እያንዳንዱን መልእክት ስክሪን ላይም ፋይል ውስጥም የሚያሰፍር፣ ጽሑፍ ስክሪን ላይ እንደሚያወጣው ፕሪንትኤፍ የፈለጉትን ያህል አርጉመንት፣ ማለትም የሚላክ ዋጋ፣ የሚቀበል ፈንክሽን፣ በስሙ የሚጠራ የፕሮግራም ክፍል፣ ፈልጓል።

ብሩክ፦ በፈንክሽኑ ላይ «ቁጥሩ ያልተወሰነ አርጉመንት» የሚሉትን ሦስቱን ነጥቦችም እንዳሉ ለፕሪንትኤፍ ሊያሻግራቸው ሞክሯል።

ሄለን፦ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር እምቢ አለው።

ብሩክ፦ እምቢ ማለቱ ትክክል ነው። በሲ ስንት አርጉመንት እንደተላከ ለተቀባዩ የሚነግረው የለም፤ ፕሪንትኤፍ ራሱ የሚያውቀው ፎርማቱን፣ ምን ምን እንደሚታተም የሚገልጸውን ጽሑፍ፣ አንብቦ ነው። በቪኤ-ስታርት ቪኤ-ሊስት የሚባለውን የአርጉመንቶቹን ማንበቢያ ያዘጋጅ፣ እሱን በነጥቦቹ ፈንታ ቪኤ-ሊስት ለሚቀበለው ለቪ-ፕሪንትኤፍ ይስጥ፣ በቪኤ-ኤንድ ይዝጋ።

ሄለን፦ ይህንንማ አድርጓል። ስክሪኑ «ክብደት 50 ኪሎ» ሲል ፋይሉ ውስጥ ግን በ50 ቦታ ምኑም የማይታወቅ ግዙፍ ቁጥር ተቀምጧል።

ብሩክ፦ እንግዲያው ያንኑ ቪኤ-ሊስት ሁለት ጊዜ ተጠቅሞበታል። ቪኤ-ሊስት ንባቡ የት እንደደረሰ ይይዛል፤ ዳዊት መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገባው ክር። ቪ-ፕሪንትኤፍ ሲጨርስ ክሩ ወደ ፊት ሄዷል። ቀጥሎ የተጠራው፣ ፋይል ላይ የሚጽፈው ቪ-ኤፍፕሪንትኤፍ ከዚያ ይቀጥልና ከአርጉመንቶቹ አልፎ ያገኘውን ያነባል።

ሄለን፦ የድሮው ኮምፒውተሬ ላይ ግን ይሠራ ነበር ይላል።

ብሩክ፦ ባለ 32 ቢት ኢንቴል ከነበረ አይገርመኝም። እዚያ ቪኤ-ሊስት አብዛኛውን ጊዜ ተራ ፖይንተር፣ ማለትም የማህደረ ትውስታ አድራሻ፣ ነው፤ ቅጂው ስለሚተላለፍ የጠሪው አይነካም። በተለመደው ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ግን አንድ አባል ያለው አሬይ፣ ማለትም ድርድር፣ ነው። አሬይ በአድራሻው ስለሚተላለፍ ዋናው ራሱ ይንቀሳቀሳል። የሲ ቋንቋ ደንብ የሆነው ስታንዳርድ ከጥሪው በኋላ ዋጋው አስተማማኝ አይደለም ስለሚል፣ የድሮው የሠራው በዕድል ነው። መድኃኒቱ በሲ 1999 ስታንዳርድ የገባው ቪኤ-ኮፒ ነው። ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት ይቅዳው፤ ቅጂውንም ለብቻው በቪኤ-ኤንድ ይዝጋው።

ሄለን፦ አንተ ብትሆን እንዴት ትጽፈው ነበር?

ብሩክ፦ ሥራውን ሁሉ ቪኤ-ሊስት የሚቀበለው ፈንክሽን ይሥራ። ባለ ሦስት ነጥቡ እሱን የሚጠራ ሦስት አራት መስመር ብቻ ይሁን። ነገ ሌላ ሰው በላዩ ሌላ ፈንክሽን መደረብ ሲፈልግ መንገድ ያገኛል። ሦስት ነጥብ ብቻ ያለው የፈንክሽኖች ቤተ መጻሕፍት ያናድደኛል።

ሄለን፦ ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር የሚሠራ ከሆነ ፎርማቱንና አርጉመንቶቹን እንዲያመሳክር የሚያዘውን የፎርማት አትሪቢውትንም አይርሳ። ያለ እሱ፣ ፎርማቱ ሙሉ ቁጥር እየጠበቀ ደብል፣ ማለትም የአስርዮሽ ቁጥር፣ ቢልክ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል።

ብሩክ፦ ቪኤ-ሊስት በሚቀበለው ላይ ግን የአትሪቢውቱ የመጨረሻ ቁጥር 0 ይሁን፤ እዚያ ኮምፓይለሩ የሚመረምረው አርጉመንት የለም።